ዳሽቦርዱ ምን አጠፋ?

ሞተረኛ ሆኖ ብሶት የሌለው የለም። ጉድጓዱ፣ የነዳጁ ሰልፍ፣ ከኋላ ክላክሱን እየነፋ የሚገፋው የጭነት መኪና፣ በገዙት ማግስት ዋጋው የሚጨምረው ጎማ፤ ይኼን ሁሉ ችለን ኖረናል። ትዕግሥታችንን ያስጨረሰን ግን ከመሪው በላይ ጉብ ያለችው የዳሽቦርድ ነገር ነው። ቁልፍ ሲዞር አንድ ቀን ቦግ ትላለች፣ በማግስቱ ጭልም። ፍሬቻ ስናበራ የነዳጁ መርፌ አብሮ ይዘላል። ኒውትራል ላይ ቆመን አረንጓዴዋ መብራት አትበራም፤ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ስንሄድ ደግሞ ትበራለች። የፍጥነቱ መርፌ ዜሮ ላይ እንደተኛ ቁልቁለቱን እንወርዳለን። ክረምት ሲገባ መስታወቷ በውስጥ በኩል ያልበዋል፤ ቁጥሩም አይታይ፣ መብራቱም አይለይ።

ይኼ የአንድ ሰው ዕጣ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ የሚያደርሰው ወጣት፣ ጅማ ላይ ሰው አፈናጦ የሚያድረው፣ አርሲ ውስጥ ከቀበሌ ቀበሌ ከብት ሊከትብ የሚዞረው የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ሻይ ቤት ተገናኝተው ቢያወሩ ታሪካቸው አንድ ነው። ጋራዥ ሄደው የሚሰሙት ቃልም አንድ ነው። ባለሙያው ቁልፉን ያዞራል፣ ዳሽቦርዱን በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል፣ ከዚያ ፍርዱን ይሰጣል፦ «ዳሽቦርዱ ሞቷል፣ ይቀየር።» ፒንሳና ካቻቢቴ ከእጁ አይጠፋም፤ የኤሌክትሪክ መለኪያው ቴስተር ግን የለውም። ካለውም ከመሳቢያ አያወጣውም።

እሮሮዬ እዚህ ላይ ነው። ብልሽት ይመጣል፣ ማሽን ነውና ማንም አያማርርበትም። የሚያንገበግበን ሳይለኩ መፍረድ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉት ነገር ደርሶብናል፤ የሚበጠሰው ሽቦ፣ የሚነቀለው ዳሽቦርድ።

እስቲ ነገሩን በሰከነ ልብ እንየው። ዳሽቦርድ በራሱ የሚያመነጨው ነገር የለም። ኤሌክትሪክ ከባትሪ ተነስቶ በፊውዝና በቁልፍ በኩል ይመጣለታል፣ በማሳ ሽቦ በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ይመለሳል። ከዚያ ውጪ ከየአቅጣጫው የሚላክለትን ይቀበላል፤ ከታንኩ፣ ከማርሹ፣ ከጎማው፣ ከፍሬቻው። እንግዲህ መርፌውም፣ መብራቱም፣ ቁጥሩም በአንድ ጊዜ ከጠፉ፣ ይኼ ሁሉ ዕቃ በአንድ ቀን አብሮ አይሞትም። የተቋረጠው የጋራቸው መስመር ነው፦ ፊውዙ፣ የቁልፉ ሽቦ ወይም ማሳው። አንዷ ብቻ ከጠፋች ደግሞ የጋራው መስመር ደህና ነው ማለት ነው፤ ችግሩ ያለው የእሷው መንገድ ላይ ነው። «ሁሉም ነው የጠፋው ወይስ አንዱ?» የምትለው ጥያቄ የፍለጋውን ግማሽ ታቃልላለች። ስንት ጋራዥ ዞረናል፣ ይቺን ጥያቄ የጠየቀን ግን ስንቱ ነው?

በተለይ የማሳ ነገር ያሳዝነኛል። ፍሬቻ ሲበራ የነዳጁ መርፌ የሚዘለው፣ ትልቁ መብራት ሲበራ የዳሽቦርዱ ብርሃን የሚደክመው አብዛኛውን ጊዜ በማሳ የተነሳ ነው። የማሳው ቡሎን ዝጓል፣ ወይም ሻሲው ሲቀባ ቀለም ሄዶበታል። የሚመለሰው ኤሌክትሪክ ቀጥተኛውን መንገድ ሲያጣ በሌላ አምፖል በኩል ዞሮ መውጫ ይፈልጋል፤ ያኔ መርፌውም መብራቱም የሌለ ነገር ማሳየት ይጀምራሉ። ማረጋገጫው ጥቂት ደቂቃ ነው። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጎ፣ አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የዳሽቦርዱ ማሳ ሽቦ ላይ አሳርፎ፣ ቁልፉንና መብራቱን አብርቶ ማየት። ንባቡ 0.1 ቮልት ገደማ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ማሳው ጤነኛ ነው። ግማሽ ቮልት ወይም አንድ ቮልት ካሳየ ሌላ ቦታ መድከም አያስፈልግም፤ ቡሎኑን ፈትቶ፣ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፣ መልሶ ማጥበቅ ነው። ለዚህ ሥራ የሚገዛ መለዋወጫ የለም።

ሐዋሳ ውስጥ የማውቀው፣ ምግብ በማድረስ የሚተዳደር አንድ ልጅ አለ። ዳሽቦርዱ እየበራ እየጠፋ ሲያስቸግረው ጋራዥ ወሰደው። ይቀየር ተባለ። ከሚስቱ የዕቁብ ብር ላይ ወስዶ፣ ዕቃውን ከአዲስ አበባ አስመጥቶ አስቀየረ። አዲሱም በነጋታው ጠፋ። «እንግዲያው ባትሪው ነው» ተባለ፤ ባትሪ ተገዛ። «ሬጉሌተሩ ይሆናል» ተባለ፤ ሬጉሌተር ተገዛ። በመጨረሻ ሰው ጠቁሞት አንድ በዕድሜ የገፉ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው ምንም አልፈቱም። ቁልፉን አዞሩና መሪውን ቀስ ብለው ወደ ግራ ጠመዘዙት፤ በራ። ወደ ቀኝ ጠመዘዙት፤ ጠፋ።

«ልጄ፣ ማነው ይኼን ሁሉ ያስገዛህ?» አሉት።

«ጋሼ፣ እኔ ምን አውቄ፤ ግዛ ያሉኝን ነው የገዛሁት።»

«ሽቦህ አንገቱ ላይ ተበጥሷል። ላስቲኩ ደህና ስለሆነ ነው በዓይን የማይታየው።»

የመሪው አንገት ላይ የሚያልፈው የሽቦ ጥቅል በተጠመዘዘ ቁጥር ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ዓመታት ሲያልፉ ላዩ ሳይነካ በውስጡ ያለው መዳብ ክር በክር ይቆረጣል። ሽቦው ቀጥ ሲል ይነካካል፣ ሲታጠፍ ይለያያል። ሽማግሌው ላስቲኩን ልጠው፣ ሁለቱን ጫፍ በሊድ በይደው፣ በሙቀት በሚጨማደድ ላስቲክ ሸፍነው፣ ጥቅሉን እንዳይወጠር ላላ አድርገው አሰሩለት። የጠየቁት ዋጋ የአንድ ምሳ ሂሳብ አይሞላም። የዳሽቦርዱን፣ የባትሪውንና የሬጉሌተሩን ገንዘብስ ማን ይመልስለት? መለዋወጫ ቤቱ ግድግዳ ላይ «የተገጠመ የኤሌክትሪክ ዕቃ አይመለስም» የሚል ተለጥፏል። በመደብሩም አይፈረድም። የሸጠው ዕቃ ደህና ነበር፤ የተነቀለውም ደህና ነበር። በየመንደሩ እንዲህ እየሆነ ያለው ይኼ ነው፤ ደህናው በደህና ይተካል፣ ብልሽቱ ባለበት ይቀመጣል፣ ከፋዩም ያው አንድ ሰው ነው።

የነዳጁ መርፌ ሲበላሽ «ጌጁን እርሳው» የሚለውን ምክር መስማትም ሰልችቶኛል። ከዚህ የተነሳ ሞተረኛው ሁሉ ታንኩን ግራና ቀኝ ነቅነቅ አድርጎ ነዳጁን በጆሮው የሚለካ ሆኗል። ታንኩን ከፍቶ በስልክ መብራት የሚያይም አለ። እኔ መቂና ዝዋይ መሃል፣ ጥላ በሌለበት ሜዳ ላይ፣ መርፌው ግማሽ ላይ እንደቆመ ሞተሩ አስሎ ቀጥ አለብኝ። በሁለቱም ከተማ ማደያ አለ፤ በመሃሉ ያለው ግን ሞተር መግፋት ነው። በዚያ ላይ ብዙ ማደያ በጀሪካን አይቀዳም፤ ነዳጅ የጨረሰ ሰው በሃይላንድ ከሚቸረችር ሰው በውድ ይገዛል፣ የገዛውም ነዳጅ ምን እንደተቀላቀለበት አያውቅም። ካርቡሬተር ያላቸው ብዙዎቹ ሞተሮች ቢያንስ ሪዘርቭ አላቸው፤ ቧንቧዋን አዙሮ እስከ ማደያ መድረስ ይቻላል። በኢንጀክሽን የሚሠሩት ብዙዎቹ ያም የላቸውም። ታንካቸው ውስጥ ያለው የነዳጅ ፓምፕ የሚቀዘቅዘውም በዚያው በነዳጁ ስለሆነ፣ ደጋግሞ ታንክ ማድረቅ ፓምፑን ያቃጥላል። ለእነዚህ «ጌጁን እርሳው» ማለት ሌላ ትልቅ ወጪ መጋበዝ ነው።

የነዳጅ ጌጅ ብልሽት ደግሞ ምሥጢር የለውም። ታንኩ ውስጥ ነዳጁ ላይ የሚንሳፈፍ ቁራጭ አለ። ነዳጁ ከፍ ዝቅ ሲል ቁራጩ የተያያዘበት ክንድ ሬዚስታንስ ላይ ይንሸራተታል፤ ዳሽቦርዱ የሚያነበው ያንን ለውጥ ነው። ነዳጅ ውስጥ የገባ ውሃ ክንዱን ያዝገዋል፣ ኮረኮንቹ ያጣምመዋል፣ የሚንሸራተትበት መስመርም ከብዛት ይበላል። መርፌ ባላቸው ዳሽቦርዶች ላይ ከታንኩ የሚወጣውን ሶኬት ነቅሎ ቁልፍ ማዞር ነው፤ መርፌው አንዱ ጫፍ ላይ ይሄዳል። ከዳሽቦርዱ በኩል የሚመጡትን ሁለቱን ሽቦዎች ለአፍታ ሲያነካኩ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ከሄደ፣ ዳሽቦርዱም ሽቦውም ጤነኛ ናቸው፤ ሕመሙ ታንክ ውስጥ ነው። ቁጥር የሚያሳዩት ዲጂታሎቹ ላይ ሽቦ ማነካካት አይመከርም። የታንኩን ዕቃ አውጥቶ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጎ፣ ክንዱን በእጅ ቀስ ብሎ ከታች ወደ ላይ ማንሳት ነው፤ ንባቡ ሳይቆራረጥ መለወጥ አለበት። አንድ ቦታ ላይ ከዘለለ ወይም ጭራሽ ከጠፋ ጥፋተኛው ተገኘ። ይኼን የሚያደርግልን ሰው አጥተን ነው በጆሮ የምንለካው።

የኒውትራል መብራት ከሁሉም ቀላሏ ናት፤ ብትሳሳት ግን ሰው ትጥላለች። መብራቷን አምኖ ፍሪሲዮን የለቀቀ ሰው ሞተሩ ከሥሩ ተስፈንጥሮ ከፊቱ ካለ መኪና ጋር ሊያላትመው ይችላል። በአብዛኛው ሞተር ላይ የሚሄድላት አንድ ሽቦ ነው። ማርሹ ኒውትራል ሲሆን ካምቢዮው ላይ ያለችው ስዊች ሽቦዋን ከሞተሩ ብረት፣ ማለትም ከማሳ ጋር ታገናኛለች፤ ያኔ ትበራለች። ካልበራች ሽቦዋን ከስዊቹ ነቅሎ ንጹሕ ብረት ማስነካት ነው። ከበራች አምፖሉም ሽቦውም ደህና ነው፣ ስዊቹ ይቀየር። ማርሽ ገብቶም የምትበራ ከሆነ ሽቦዋ መንገድ ላይ ተልጦ ብረት እየነካ ነው፣ ወይም ስዊቹ ራሱ ተበላሽቷል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ለዚህ ዳሽቦርድ የቀየሩ ሰዎች አውቃለሁ።

የፍጥነት መለኪያው ጉዳይ ከገንዘብም ከእምነትም ጋር የተያያዘ ነው። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ግቢ የምናያቸው የድሮዎቹ ያማሃ ኤጂና ዲቲ ከፊት ጎማ በሚመጣ ኬብል ነው የሚሠሩት፤ ኬብሉ ከተበጠሰ ይታያል፣ ግሪስ ተቀብቶ አዲስ ይገባል፣ አለቀ። አሁን ብዙዎቹ በሴንሰር ሆነዋል፤ በተለመደው ዓይነት ሦስት ሽቦ አለው፣ አንዱ ኃይል፣ አንዱ ማሳ፣ አንዱ መልእክት። ጎማውን በእጅ ቀስ ብሎ ሲያዞሩት የመልእክቱ ሽቦ ላይ ቮልቴጁ ከዜሮ ተነስቶ ከፍ ማለትና መልሶ መውረድ አለበት። ይኼን ሳያዩ ሴንሰርም ዳሽቦርድም መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። መለኪያው ሲቆም ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም አብሮ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ዘይት መቼ እንደሚቀየር በግምት ይሆናል። ሆን ብለው ኬብሉን ነቅለው ዓመት ሙሉ ነድተው «ገና አዲስ ነው፣ ቆጣሪውን እየው» ብለው የሚሸጡም አሉ። ይኼ ስርቆት ነው፤ ለስለስ ያለ ስም አላወጣለትም።

ላቫጆ ቤቶቻችንንም ሳልወቅስ አላልፍም። ጭቃ ለማስለቀቅ የተሠራውን የውሃ ግፊት ዳሽቦርዱ ላይ፣ ከመሪው ሥር፣ ቁልፉ ጉድጓድ ውስጥ ይለቁበታል። ሶኬቶቹ የተሠሩት ከላይ የሚወርደውን ዝናብ እንዲችሉ ነው፤ ከቅርብ የሚተኮስ ውሃ ጎማ ማሸጊያውን አልፎ ይገባል። ከገባ በኋላ አይወጣም። ከወራት በኋላ ሶኬቱ ሲከፈት መዳቡ አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ዝገት ለብሶ ይገኛል። ሞተረኛውም በክረምት ዳሽቦርዱን በፌስታል ጠቅልሎ ያስራል። ፌስታሉ ዝናቡን ይከለክላል፣ ውስጥ ያለውን እርጥበት ግን መውጫ ይነሳዋል፤ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ያፍናል። የዛገውን ሶኬት በኮንታክት ክሊነር ረጭቶ፣ በጥርስ ብሩሽ ፍቆ፣ አድርቆ፣ ለኤሌክትሪክ የሚሆን ግሪስ ቀብቶ መዝጋት ነው የሚሻለው። መስታወቱን በቤንዚን የሚወለውሉትንም እባካችሁ ተዉ እላለሁ፤ ፕላስቲኩን ያደበዝዘዋል፣ አንዴ ከደበዘዘ አይመለስም።

ከሁሉም የከፋው ግን ተጨማሪ ዕቃ የሚገጠምበት መንገድ ነው። የስልክ ቻርጀር፣ አላርም፣ ጂፒኤስ፣ ባውዛ፣ ባለ ቀለም መብራት፣ ድምፁ የሚያደነቁር ክላክስ፤ አስፈላጊው አለ፣ ለጌጥ የሆነው አለ። የሁሉም ኤሌክትሪክ የሚወሰደው ግን እጅ ከደረሰበት ሽቦ ነው፤ እጅ የሚደርስበት ደግሞ የዳሽቦርዱ ሽቦ ነው። ላስቲኩ በጥርስ ይላጣል፣ አዲሱ ሽቦ ይጠመዘዝበታል፣ ናስትሮ ይጠቀለልበታል። ናስትሮው በፀሐይ ይቀልጣል፣ ሙጫው ይፈስሳል፣ ከጊዜ በኋላ ይፈታል፣ ራቁቱን የቀረው ሽቦ ሻሲ ሲነካ ኮንታክት ይሆናል። ፊውዙ ይቃጠላል። ፊውዝ የሚቃጠለው ሊያድነን ነው፤ 10 አምፔር ወይም 15 አምፔር የተጻፈበትም በምክንያት ነው። ምን አቃጠለው ብሎ የሚመረምር ጠፍቶ በቦታው ሽቦ ይታሰርበታል፣ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ይጠቀለልበታል። ከዚያ በኋላ የሚቃጠለው ራሱ የሽቦው ጥቅል ነው፤ ጥቅሉ የሚያልፈውም ከነዳጅ ታንኩ ሥር ነው። በዚህ ነገር ሰው ሊሞት ይችላል። ይኼን እየሠራ ልጆቹን የሚያሳድር ባለሙያ አደጋውን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም፤ ስለሚቻኮል ነው፣ እኛም «ቶሎ በል» ስለምንለው ነው።

የኤልኢዲ ፍሬቻ ጣጣም ከዚሁ ይመደባል። ዳሽቦርዳቸው ላይ ለግራም ለቀኝም አንዲት የፍሬቻ መብራት ብቻ ያላቸው ሞተሮች ብዙ ናቸው። በብዙዎቹ የዚያች አምፖል አንዱ ጫፍ ከግራው ፍሬቻ ሽቦ፣ ሌላው ጫፍ ከቀኙ ጋር ነው የታሰረው። ግራው ሲበራ ኤሌክትሪኩ በአምፖሏ አልፎ በቀኞቹ ፍሬቻዎች በኩል ወደ ማሳ ይወርዳል፤ የሚያልፈው ጥቂት ስለሆነ የድሮዎቹን አምፖሎች አያበራቸውም። ኤልኢዲ ሲገጠም ግን ያቺው ጥቂት ትበቃዋለች። ሞተረኛው ወደ ግራ ልታጠፍ ነው ብሎ ሲያበራ አራቱም ይጠቅሳሉ፤ ከኋላው ያለው ሾፌር የት እንደሚሄድ አያውቅም። «ዳሽቦርዱ ኮንታክት አድርጓል» ይባላል። መድኃኒቱ ሁለት ትንንሽ ዳዮድ ነው፦ ከግራውና ከቀኙ ሽቦ በየዳዮዳቸው አሳልፎ የአምፖሏን አንድ ጫፍ መመገብ፣ ሌላውን ጫፍ ማሳ ላይ ማሰር። ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። ፍሬቻው ከወትሮው ፈጥኖ የሚጠቅሰውም በዳሽቦርዱ ጥፋት አይደለም፤ ፍላሸሩ የለመደውን ያህል ኤሌክትሪክ የሚስብ አምፖል ስላጣ ነው።

የሽቦ ቀለምንም ሳላነሳ ብቀር ይቆጨኛል፤ ብዙ ዳሽቦርድ የገደለው እሱ ነው። መኪና ላይ የለመደ ሰው ጥቁር ሽቦ ሲያይ ማሳ ነው ይላል። ያማሃ ላይ እውነት ነው። ሆንዳ ላይ ግን ማሳው አረንጓዴ ነው፤ ጥቁሩ ቁልፍ ሲዞር ኃይል የሚሄድበት ነው። ከቻይና የሚመጡት ብዙዎቹም የሆንዳን ይከተላሉ። ካዋሳኪ ማሳውን ጥቁር ከቢጫ መስመር ጋር ያደርገዋል፣ ሱዙኪ ጥቁር ከነጭ። ታዲያ ጥቁሩን ሁሉ ሻሲ ላይ የሚያስር ሰው ምን እንደሚያስከትል አስቡት። ይኼን የሚነግረው የሽቦ ንድፉ ነበር፤ ሞተሩ ሲሸጥልን ግን የሚሰጠን ቀጭን የአጠቃቀም መጽሐፍ ነው፣ ብዙ ጊዜም ንድፉ የለበትም፣ በአማርኛ የተጻፈውን ደግሞ ተዉት። ሻጩን ብንጠይቅ «ጋራዥ ያውቀዋል» ይለናል፤ ጋራዡ አይቶት አያውቅም።

ዳሽቦርድ ፈጽሞ አይሞትም አላልኩም፤ ይሞታል። ከሚገድሉት አንዱ ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ባረፈበት ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ተነስቶ ጋዝ ሲሰጠው 13.5 እና 14.5 መካከል መሆን አለበት። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ መቆጣጠር ትቷል፤ አምፖሎቹ በየተራ ይቃጠላሉ፣ የዲጂታሉ ውስጥም ይበላሻል። ይኼን ሳይለኩ አዲስ ዳሽቦርድ መግጠም አዲሱንም ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ እያልን ያደግን ሰዎች ሥሩን ለማየት ሁለት ደቂቃ መንፈጋችን ይገርመኛል።

ቢጫዋን የሞተር ምልክት በናስትሮ የሚሸፍኑም አሉ። ያቺ መብራት እኮ እየተናገረች ነው። ብዙዎቹ የሆንዳ ኢንጀክሽን ሞተሮች ላይ ረዥሙ ጥቅሻ አሥር፣ አጭሩ አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤ አንድ ረዥምና ሁለት አጭር ከጠቀሰች 12 ማለቷ ነው፣ ቁጥሩም የታመመውን ክፍል ይጠቁማል። ቆሞ መቁጠር ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ነገ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የኤሌክትሪክ ሞተሮች ወደ ከተሞቻችን እየገቡ ነው። እነሱ ላይ የምናውቀው ነገር ሁሉ፣ የቀረን ባትሪ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬድ ጭምር፣ ያለው ዳሽቦርዱ ላይ ነው። ባትሪያቸው 60፣ 72 ቮልት የሚደርስ አለ፤ በብዙዎቹ ዳሽቦርዱና መብራቱ የሚሠሩት ያ ወደ 12 ቮልት ከወረደ በኋላ ነው። ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሳይለይ ሽቦ ልጦ የሚያነካካ እጅ እዚያ ሲደርስ ዳሽቦርዱን ብቻ ጎድቶ አይመለስም።

ስለዚህ የምንለምነው ብዙ አይደለም። ሞተር የምታስመጡና የምትሸጡ፣ የሽቦውን ንድፍ አብራችሁ ስጡን፤ አንድ ወረቀት ነው። በቴክኒክና ሙያ የምታስተምሩ፣ ልጆቹ ካቻቢቴ ከመያዛቸው በፊት ቴስተር መያዝና ንድፍ ማንበብ ይልመዱ። የጋራዥ ባለሙያዎች፣ ለምርመራው ዋጋ ጠይቁን፣ እንከፍላለን፤ ዕቃ ሳታስገዙን በእውቀታችሁ ብቻ ብትበሉ ደስታችን ነው። ላቫጆ ያላችሁ ልጆች፣ ዳሽቦርዱን በጨርቅ ጥረጉት፣ ውሃውን ከታች አድርጉት።

አንተም ሞተረኛ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ የተገጠመ ዕቃ እንደማይመለስ ታውቃላችሁ። ሳይለካ «ዳሽቦርዱ ይቀየር» ለሚላችሁ ሰው ቁልፋችሁን አትስጡት፤ በቴስተር አሳየኝ በሉት፣ ካላሳያችሁ ወደሚያሳየው ሂዱ።